ከትልቁ ድንጋይ መጀመር

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች ሲመስላት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። ማክሰኞ ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ ከሦስተኛ ፎቅ ስወርድ፣ ማድ ቤት ውስጥ ለወንድሜ ለቦ-ዌይ የምትነግረውን ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁ። «አታስብ አልኩህ። እኔ ነኝ የኮረጅኩት ብላ ትናገራለች። እሷ እኮ ሥራ አላት። ደግሞ ሴት ናት፤ ነገ አግብታ የሰው ቤት ሂያጅ ናት። ያንተ ስም አንዴ ከጎደፈ ግን ማን ያነሳሃል?» አለችው። ቦ-ዌይ አፉ ሙሉ ነበር፤ ሳይውጥ «እሺ ትላለች ግን?» አላት። «ሩ-ዩን መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች!» አለች እናቴ። የጥርስ ሳሙናው አረፋ አፌ ውስጥ እንዳለ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ያናደደኝ ያቀደችው ነገር ብቻ አይደለም። ሳትጠይቀኝ መልሴን ማወቋ ነው። የባሰው ደግሞ እውነቷን መሆኑ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እምቢ ብዬ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ኔይሁ በሚባለው የከተማችን ክፍል ያለ አንድ ኩባንያ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳይጠይቅ፣ ፈተናውን ያለፈ ሰው በኢንጂነርነት እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በዕድሜዬ ያየሁት ይህን አንዱን ብቻ ነው። ዲግሪ የለኝም። በቤታችን ዲግሪ የቦ-ዌይ ነው፤ እሱ ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረ ዓመት «አንድ ሰው ከሱቁ አይጥፋ» ተባለና ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ታች ሱቁ ውስጥ የባህል መድኃኒት እመዝናለሁ፤ ከሰዓት ፋብሪካ እገባና ከዓይኔ በቀር ሁሉን የሚሸፍን ነጭ ልብስ ለብሼ ሌሎች የሠሩትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በማጉያ እመረምራለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ። «ይሄ ብልሽት አለበት፣ ይሄ የለበትም» ማለት ነው ሥራዬ። ኮድ መጻፍን ብቻዬን፣ በእረፍት ቀኔ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ነው የተማርኩት፤ አስተማሪም አጨብጫቢም አልነበረኝም።

ፈተናው ቤት ተወስዶ በሁለት ቀን የሚመለስ ነበር። በአስር የምንቆጥረውን ቁጥር ተቀብሎ በሁለትም፣ በስምንትም፣ በአስራ ስድስትም፣ እስከ ሠላሳ ስድስት ድረስ በተፈለገው አቆጣጠር ቀይሮ የሚያወጣ ኮድ ጻፉ ይላል። ማሽን የሚቆጥረው በሁለት ነው፤ ከማሽን ጋር የሚሠራ ሰው ደግሞ የማሽኑን ሆድ የሚያነበው በአስራ ስድስት ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳያውቅ እዚያ ኩባንያ የሚገባ የለም። ኮምፒውተሩ ራሱ በአንድ ቃል ትእዛዝ ቀይሮ የሚሰጥበት አቋራጭ አለው፤ እሱን መጠቀም ክልክል። ከባዶ፣ በራስ ጭንቅላት። እኔ በመጀመሪያው ቀን ጨረስኩትና ሁለተኛ ፎቅ ካለው የቤታችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬ ሥራ ሄድኩ። ለዚያው ፈተና ቦ-ዌይም መመዝገቡን አውቃለሁ። ፋይሉን ከፍቶ፣ እኔ «ድንጋይ» ብዬ የሰየምኩትን ሀ፣ «ቀሪ» ያልኩትን ለ ብሎ፣ የራሱን ስም አናቱ ላይ ጽፎ እንደሚልከው ግን እንዴት ልጠርጥር? ዓርብ ዕለት ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ኢሜይል መጣ። የላካችሁት ኮድ ከስያሜ በቀር አንድ ነው፤ አድራሻችሁም አንድ ነው፤ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሁለታችሁም ቀርባችሁ አስረዱ፤ የኮረጀው ይሰረዛል፤ ካልተለየ ሁለታችሁም ትሰረዛላችሁ ይላል።

ማድ ቤት ስገባ እናቴ ወሬዋን ቆርጣ ጭልፋ አነሳች። ከሩዝ ገንፎው እንፋሎት ይወጣል፤ የተቀመመ ጎመን፣ የተጠበሰ ኦቾሎኒ፣ ለቦ-ዌይ ብቻ የዓሣ ቁራጭ ተቀምጧል። እናቴ ገና ሳይነጋ ቤተ መቅደስ ሄዳ ተመልሳለች። በቋንቋችን ስማቸው ትጋት፣ ብልህነትና መልካም ዕድል ከሚሉት ቃላት ጋር የሚመሳሰሉትን አትክልቶች፣ ሴለሪውን፣ ቅጠል ሽንኩርቱን፣ ነጩን ራዲሽ በቀይ ክር አስራ ለፈተናው አምላክ አቅርባ፣ በረከቱን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች። ለቦ-ዌይ የመጣውን የጥሪ ኢሜይል የታተመ ቅጂም መሠዊያው ሥር አስቀምጣ ነው የመጣችው። ያንን ቅጂ ትናንት ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ራሴ ነኝ ያስነሳሁት፤ ላኪኝ አለችኝ፣ ሄድኩ። «የእኔንስ ደብዳቤ አስቀመጥሽልኝ?» አልኳት። «ላንድ ጉዳይ ሁለት ሰው ሲለመንለት አምላኩ ግራ ይገባዋል» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ ገንፎ እየጨለፈች። ቦ-ዌይ ሳቁ አመለጠው። እኔም ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቴ ዋናውን ነገር በመቀነት እንደተቋጠረ ሳንቲም ቀስ ብላ ፈታችው። እጮኛው አለች። የእጮኛው ቤተሰቦች አሉ። ድግሱ ለመስከረም ተቆርጧል፤ ልጃችንን ሥራ ለሌለው አንሰጥም ብለዋል። «አንቺ ፋብሪካሽ አለሽ፤ ማንም አይነካሽም። እሱን ግን ስለ ኮዱ ሲጠይቁት እንዳያፍር እስከ ቀትር አስተምሪው። ውለታሽን እኔ ነኝ የማውቀው፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። የኔ ልጅ የምትለኝ እንዲህ ስትፈልገኝ ነው። ለላም ቀንዷ አይከብዳትም ይባላል፤ ቀንዷ እሱ መሆኑ ነው፣ እኔ እንጃ ምኗ እንደሆንኩ። የሰረቀኝን ሰው፣ ስርቆቱ እንዳይታወቅበት ቁጭ ብዬ ላስጠናው! ወይ ጉድ! እሷ ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችውና ሳህኗን አነሳች።

ገንፎዬን ትቼ ወደ ሱቅ ወረድኩ። አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመጀመሪያዋን ደንበኛ ወረቀት ያነባል። የቤታችን ወለል እንጨት ነው፤ ላይ ሲያስነጥሱ ታች ይሰማል። የእናቴን ነገር በሙሉ ሰምቷል፤ በዚህ አልጠራጠርም። «አባዬ፣ ሰምተሃል አይደል?» አልኩት። «ከቀዩ ፍሬ ሦስት ኒዩ፣ ከቢጫው ሥር አምስት» አለኝ። ኒዩ የሚዛናችን ትንሿ ልክ ናት። መሳቢያዎቹን ሳብኩ። አንድ መቶ አርባ መሳቢያ አለን፤ የተጻፈባቸው ስም በእጅ ብዛት ስለጠፋ አሁን የሚያውቃቸው አባቴና እኔ ብቻ ነን። መዘንኩ፣ በነጭ ወረቀት ጠቀለልኩ፣ አሰርኩ። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላም ምንም አላለኝም። አባቴ «ዝም አይነቅዝም» ባይ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ዝም ብሎ በሰላም ኖሯል። ሰላሙን ሌሎች እንደሚከፍሉለት ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ሱቁ ውስጥ እስከ አራት ሰዓት ቆየሁ፤ እሱ የመድኃኒት ስም ይጠራል፣ እኔ እመዝናለሁ።

በአራት ሰዓት ቦ-ዌይን ሁለተኛ ፎቅ ኮምፒውተሩ ፊት አገኘሁት። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው። አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና መጀመሪያ ያደረግኩት ኮዱን መክፈት ነው። ይህን በደንብ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። «እስቲ አንብበው፤ ያልገባህን መስመር ጠይቀኝ» አልኩት። አርባ መስመር አይሞላም። «ኧረ እትዬ፣ ኮዱን ተዪውና ዋናውን ሐሳብ አጠር አድርገሽ ንገሪኝ» አለኝ። «ኮዱን ነው እኮ የሚጠይቁህ» አልኩት ሁለተኛ። «ሰው ኮድ በቃሉ አይዝም፤ እነሱም ያውቃሉ። ቁጥር እንዴት እንደሚቀየር በሰሌዳ ላይ ሠርቼ ካሳየኋቸው አለቀ» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ ጠየቅኩት። እጮኛው የላከችለትን ነገር እያየ ፈገግ አለና «እትዬ ሙች፣ ሰዓት አይበቃንም» አለኝ። ፋይሉን ዘጋሁት።

ከዚያ አስተማርኩት። መጽሐፍ ሁሉ የሚያስተምረውን፣ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን አስተማርኩት። ሺህን ውሰድ፤ ለአስራ ስድስት አካፍል፤ ስልሳ ሁለት ደርሶ ስምንት ይተርፋል። ትራፊውን ጻፍ። ስልሳ ሁለትን እንደገና አካፍል፤ ሦስት ደርሶ አስራ አራት ይተርፋል። ከዘጠኝ በላይ አኃዝ ስለሌለን ከአስር ጀምሮ በፊደል ነው፤ ኤ አስር፣ ቢ አስራ አንድ እያልክ ስትሄድ አስራ አራት ኢ ይሆናል። ሦስትን አካፍል፤ ምንም አይደርስም፣ ሦስት ይተርፋል። አሁን ትራፊዎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አዙረህ አንብብ፤ ሦስት፣ ኢ፣ ስምንት። ሺህ ማለት በአስራ ስድስት አቆጣጠር ይሄ ነው። አንድም የተሳሳተ ነገር የለበትም። እኔ የጻፍኩት ኮድ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። የእኔ ከሌላው ጫፍ ነው የሚነሳው፤ ይህን ለማወቅ አንድ ጊዜ ማንበብ ብቻ ይበቃ ነበር።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገባው። አምስት መቶን ሰጠሁት፣ አስልቶ አመጣ። ወደ ሁለት ቀይር አልኩት፣ ቀየረ። ቦ-ዌይ ደደብ አይደለም፤ አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነው። ደደብ ቢሆን አዝንለት ነበር። በአንድ ምሽት ቁጭ ብሎ የራሱን ጽፎ ሊልክ የሚችል ሰው፣ የእኔ ስለተዘጋጀ ብቻ፣ እንደ ታጠበ ካልሲ ከመሳቢያ አውጥቶ አደረገው። ካልሲውን ማን እንዳጠበው ጠይቆ ያውቃል? «ቀላል ነው እኮ! እኔ ምን አስፈርቶኝ ነበር!» እያለ እጁን አፋተገ። ያን ጊዜ እንኳ «ተመለስ፣ ፋይሉን እንየው» ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ «ገባው? ጎበዝ የኔ አንበሳ!» አለችና የቤተ መቅደሱን ክታብ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። ነገሩን ዋጥኩት።

ከፋብሪካው ለዕለቱ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ከቀትር በፊት በእሱ ስኩተር ወጣን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ኮቱን እንዳይጨማደድ ታቅፌ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ድልድዩን ተሻግረን፣ ኩባንያው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ኑድል በላን። እዚያ ያደረገውን ነገር ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ሳህን ላይ የነበረውን በአኩሪ አተር መረቅ የተቀቀለ እንቁላል በመመገቢያ እንጨቶቹ አንስቶ እኔ ሳህን ላይ አስቀመጠው። ልጆች ሳለን አስኳል ስለማይወድ ሁልጊዜ ይሰጠኝ ነበር፤ አሁን ግን እንደሚበላው አውቃለሁ። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ እሺ? ባለጌ እንደሆንኩ ይገባኛል። ግን ከገባሁ በኋላ አንቺንም እዚያው አስገባሻለሁ፤ ቃሌ ነው» አለኝ። ይቅርታው እስኪያልቅ ድረስ ልቤ ሊራራ ምንም አልቀረውም ነበር። በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እኔን እንደ ደጅ ጠኚ ሊያስገባኝ! እንቁላሉን ሳልነካው ተነሳሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡን። ጽሑፍ መጻፊያ ነጭ ሰሌዳ፣ አራት ወንበር፣ ማዕዘን ላይ የሚንሿሿ ኮምፒውተር፤ ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ፣ ማሽን እንዳይበላሽ ይጠብቃል ተብሎ እዚህ አገር እንደ ክታብ የሚቀመጥ አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት። አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ከቅጥር ክፍል መጥቷል። ዋናዋ ግን ወይዘሮ ካኦ ናት፤ ሃምሳውን የተሻገረች፣ ሽበቷን በአጭሩ የተቆረጠች ኢንጂነር። ሁለቱን ኮዶች አትማ ጎን ለጎን ዘርግታለች። «እህትና ወንድም ናችሁ፤ እዚህ ለመካሰስ ያመጣኋችሁ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ማነው የጻፈው?» አለች። ቦ-ዌይ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ያንን እይታ አውቀዋለሁ፤ ብርጭቆ ሰብሮ እናታችን ስትመጣ የሚያየኝ አስተያየት ነው። «እርስዎስ?» አለችኝ ወይዘሮ ካኦ። በእናቴ ዕቅድ መሠረት «እኔ ነኝ የኮረጅኩት» የምለው እዚህ ላይ ነበር። «መጀመሪያ እሱ ያስረዳ። ካስረዳ በኋላ እናገራለሁ» አልኩ።

ቦ-ዌይ ወደ ሰሌዳው ሄደ። መቼም ሰው ፊት መናገር ይችልበታል። ሺህን ጻፈ፣ አካፈለ፣ ትራፊዎቹን አንድ በአንድ በጎን ደረደረ፣ በመጨረሻ ቀስት ሠርቶ ከታች ወደ ላይ አዞረና ሦስት፣ ኢ፣ ስምንት ብሎ አሰመረበት። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ብሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። ወይዘሮ ካኦ ግን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር የምታየው።

«ልክ ነው። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው» አለች። «እርስዎ የሠሩት የመጨረሻውን አኃዝ መጀመሪያ ያወጣል፤ ስለዚህ በመጨረሻ ማዞር ግድ ነው። ኮድዎ ውስጥ የሚያዞረው መስመር የቱ ነው? ያሳዩኝ።»

ቦ-ዌይ ወረቀቱን ተቀበለ። ሲያነበው አየሁት። የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ ያን ሁሉ ቀን፣ ያን ሁሉ ጭንቅ ተጨንቀን፣ የገዛ ስሙ አናቱ ላይ ያለበትን ወረቀት ገና ያን ጊዜ ነው ያነበበው። ጣቱ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። የሚያዞር መስመር የለም። «ያው... ውጤቱ አንድ ነው» አለ። «ውጤቱማ አንድ ነው። እኔ የጠየቅኩት መንገዱን ነው» አለችው። ጆሮው ቀላ። ቀና ብሎ አየኝና፣ ያስተማርኩት ሌላ መንገድ መሆኑ ያኔ ገባው። ከጠዋት ጀምሮ ያመቅኩትን ንዴት አሁን እሱ ፊት ላይ አየሁት። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሳሁ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «እኔ የምጀምረው ከላይ ነው። ቤታችን መድኃኒት መዛኞች ነን፤ አንድ ኪን አስራ ስድስት ኒዩ ነው። ሰው ‹አርባ ኒዩ ስጡኝ› ቢል አርባ ጊዜ ትንሿን ድንጋይ አናነሳም። ትልቁን ድንጋይ ነው መጀመሪያ ሳህኑ ላይ የምናስቀምጠው። ሁለት ኪን ይሄዳል፣ የቀረውን ስምንት በትንሿ። ኮዱም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ከሺህ የማይበልጠውን ትልቁን ድንጋይ ይፈልጋል፤ አስራ ስድስት ጊዜ አስራ ስድስት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሱቃችን የለም፣ በሐሳቤ ሠራሁት። ሦስት ጊዜ ይሄዳል፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ይቀራል። በአስራ ስድስቱ ድንጋይ አስራ አራት ጊዜ፤ ስምንት ይቀራል። ስምንቱን በአንዱ። የሚዞር ነገር የለም፤ ሲወጣ በቦታው ነው የሚወጣው።» ወይዘሮ ካኦ እርሳሷን አስቀመጠች። «ለዚህ ነው ‹ድንጋይ› ብለው የሰየሙት» አለችኝ። «ከማን ነው የተማሩት?» አለች ቀጥላ። «ከአባቴ» አልኩ።

«የእርስዎ መንገድ ጥቂት ይረዝማል። አጭሩን ለምን አልመረጡም? አያውቁትም?» አለችኝ። «አውቀዋለሁ» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ ያስተማርኩት።» ወጣቱ ሳቅ አመለጠውና የቦ-ዌይን ፊት ሲያይ አፉን ያዘ። ወይዘሮ ካኦ አልሳቀችም። ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን፤ ስለ ቤታችን አንድም ነገር ሳትጠይቅ ሁሉን የጠየቀች ያህል ነበር። ከዚያ የእሱን ወረቀት ገልብጣ በግንባሩ ደፋችው። እኔን በመጪው ወር መጀመሪያ ሥራ እንድጀምር ነገረችኝ፤ ለእሱ ለሦስት ዓመት ማመልከት እንደማይችል ወጣቱ ነገረው። ጨረስን። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ቦ-ዌይ ስኩተሩን አስነስቶ ጥሎኝ ሄደ። ኮቱ እጄ ላይ ቀርቷል። በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ጸጸት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ የመጣው ሌላ ንዴት ነው። ሦስት ጊዜ አንብበው ብዬዋለሁ እኮ! አንድ ሰው የሌላውን ላብ ሲወስድ፣ ቢያንስ የወሰደው ምን እንደሆነ ለማየት አይጓጓም? እሺ፣ እውነቱን ልናገር፤ አራተኛ ጊዜ ልለው እችል ነበር። ሆን ብዬ አላልኩም። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በሌላ ሰው አላላክክም። ደስታ ግን የት ገባ? የሰባት ዓመት ልፋቴ በአንድ ቀን ተሳክቶ ሳለ ደስ ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ እሱንም ወሰዱብኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። «ሆን ብለሽ ነው!» አለችኝ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ። «ወንድምሽን ሰው ፊት አዋረድሽው። የተሳሳተ ነገር አስተማርሽው!»

«ያስተማርኩት ልክ ነው። ሺህን በትክክል ቀይሯል፣ ጠይቂው።»

«ታዲያ ለምን ጣሉት?»

«የእኔን ስለላከ ነዋ እማዬ! የእኔን! አንዴ እንኳ የእኔ ነው ብለሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጮህኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ጮሄባት አላውቅም። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። «አንቺ የእህትነት ሆድ የለሽም» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ለነገሩ ማን ሠራው ማን፣ ያው አንድ ቤት ነው።» አንድ ቤት! ለአምላክ የሚቀርበው ደብዳቤ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከላይ የቦ-ዌይ በር ሲዘጋ ተሰማ። እናቴ ኮቱን ከእጄ ነጥቃ፣ አቧራውን እያራገፈች ወደ እሱ ወጣች።

አባቴ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሁሉን እንደሰማ አውቃለሁ፤ ግን አሁንም አንድ ነገር ከእሱ እጠብቅ ነበር፤ ምን እንደሆነ እኔም በቅጡ አላውቅም። ባንኮኒው ጋ ሄጄ ቆምኩ። «አባዬ፣ ኢንጂነሯ ይህን ከማን ተማርሽ ብላ ጠየቀችኝ። ከአባቴ ነው አልኳት። ሚዛን ላይ ከትልቁ ድንጋይ መጀመርን ከአባቴ ነው የተማርኩት አልኳት።» አባቴ መድኃኒት መጠቅለሉን አቆመ። የሚንቀጠቀጠው እጁ እንኳ ለአፍታ ረጋ። አፉን ለመክፈት ሲዘጋጅ አየሁ።

«ያንን እኮ ለቦ-ዌይ ነበር የማስተምረው» አለ። «ወንድ ልጅ ሱቁን ይይዛል ብዬ በየቀኑ እዚህ አቆመው ነበር። አንቺ አጠገቡ ቆመሽ ነው የሰማሽው።»

በክፋት አልተናገረውም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምመልስለት አይቸግረኝም። እንደተራ ነገር፣ ሰው ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ነው የተናገረው። የባንኮኒውን መስታወት በእጅጌዬ መወልወል ጀመርኩ። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ በር ከፍተው ገቡና ወረቀት አቀበሉት። አባቴ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። «ከጥቁሩ ቅርፊት ሁለት ኪን ከአራት ኒዩ፣ ከጣፋጩ ሥር ዘጠኝ» ብሎ አነበበና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ቀና ሳይል ሚዛኑን ወደ እኔ ገፋው።

እጄን ከባንኮኒው ላይ አነሳሁ።

«ወንድ ልጅህን ጥራው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌውም አዩኝ። ደረጃውን ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንግዳ ስም እንደሚጠራ ሰው እየተደናቀፈ፣ «ቦ-ዌይ! ቦ-ዌይ፣ ና ውረድ!» ሲል ሰማሁት። ወንድሜ በአጠገቤ ሳያየኝ አልፎ ወረደ። ክፍሌ ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች መሳቢያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሌላ ይከፈታል። «እሱ አይደለም... ከሱ በላይ... ኧረ በግራ በኩል» ይላል አባቴ። መሳቢያዎቹ አንድ መቶ አርባ ናቸው፤ እየደጋገመ ሲነግረው፣ ሽማግሌውም «ልጅቷ የለችም እንዴ?» ብለው ሲጠይቁት ይሰማኝ ነበር።